የባፈና ስዕለት

ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ ባፈናን ተቀምጣ ያያት ሰው የለም። ነገሩ በቤተሰብ መካከል ቢቀር ምንም አልነበረም፤ መተማ ግን ትንሽ ከተማ ናት፣ ሰውም ሥራ ሲፈታ የጎረቤቱን አዋዋል ይከታተላል። ቤተ ክርስቲያን ከኪዳን ጀምራ ሕዝቡ እስኪሰናበት ትቆማለች፤ መቋሚያ አትይዝም፣ ግድግዳ አትደገፍም። ለቅሶ ቤት ትቆማለች። ገበያም በርበሬዋን መሬት ላይ ዘርግታ ትቆማለች፤ ገዢው ቁጢጥ ብሎ ሲመርጥ እሷ ከላይ ሆና ዋጋውን ትነግረዋለች፤ አንጋጦ መከራከር ደግሞ ስለማይመች የባፈና በርበሬ ከጎረቤቶቿ በተሻለ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። ነሐሴ ላይ የቄስ ፈረደ ሚስት አሰበች ምስጢሩን ደረስኩበት አለች። አሰበች ያልተነገራትን የምታውቅ ሴት ናት። ባፈና ስዕለት ገብታለች፤ ጣሊያን ከአገር እስኪወጣ ድረስ ላትቀመጥ ለሚካኤል ተስላለች፤ ሌላ ምንም አይደለም። ወሬው ከጆሮ ወደ ጆሮ እየተንሾካሾከ ከተማውን ዞረ። ጣሊያን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበርና፣ ጠመንጃ የሌለው ሰው ሁሉ አንዲት መበለት ስለ እሱ ቆማ መዋሏን ሲሰማ ደስ አለው። መንገድ ላይ ሲያገኛት ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይበርቱ ይላት ጀመር። ባፈናም ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች።

የዚህን ክብር መከራ ያየው ቤተሰቡ ነው። ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም። ባፈና ስትገባ «ኖር» ብሎ የተነሣ ሰው ሁሉ እሷ እስክትቀመጥ ይጠብቃል፤ እሷ አትቀመጥም፤ ስለዚህ ማንም አይቀመጥም። ልጇ እንግዳው ከእርሻ ደክሞ ይመጣና እራቱን ቆሞ ይበላል። ምራቷ አየሁሽ ትሪውን ከፍ ባለ ሣጥን ላይ ታኖራለች፤ ሦስቱም ግርግም እንደከበቡ በቅሎዎች ዙሪያውን ቆመው ይጎርሳሉ። ባፈና ተቀመጡ፣ እባካችሁ ተቀመጡ ብላ ለምናለች፤ እርስዎ ቆመው እኛ ልንቀመጥ፣ አይደረግም ብለው እምቢ አሏት። የመስከረም ማኅበር ላይ ደግሞ ቄስ ፈረደ ለስዕለቷ ክብር ሲሉ ቆመው ጠጡ፤ ቄስ ከቆመ ማን ይቀመጣል? የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ጀምበሩ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ሁለት ሰው ደግፎ ወሰዳቸው፣ ያየ ሁሉ ሰክረው መሰለው።

መተማ ውስጥ እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የምናፍርበት ነገር ስለሆነ ስሙን አንዴ ልጥራውና ልገላገል፤ ባፈና የብልቷ ከንፈር ላይ እብጠት ወጥቶባታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያሳክካት ኖረ። ቆዳው እየነጣና እየሳሳ መጣ። ቅቤ ቀባች፣ በጨው ውሃ ታጠበች፣ ጠበል ተረጨች፣ ማዶ ገላባት ተሻግራ የሱዳን ሴቶች በሚታጠኑበት የግራር ጭስ ላይ ታጠነች፤ ሁሉም ለሁለት ቀን ያስታግሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሰኔ ላይ ምስር የምታህል ጠጣር ነገር በጣቷ አገኘች። አሁን ባቄላ አክላለች፤ አናቷ ቆስሎ አልድን ብሏል፣ ባፈና ስትቀመጥ ይደማል፣ ስትሸናም ያቃጥላታል። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሰው ቢሰማ ከየት አመጣችው ይለኛል ብላ ፈራች። አየሁሽም አውቃለች፣ የቤቱን ልብስ የምታጥበው እሷ ናትና። አንድ ጠዋት አሮጌ ነጠላ ቀድዳ፣ አጥባና አጣጥፋ ከአማቷ ራስጌ አኖረች። ማታ ጨርቁ ከቦታው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የቆሸሸው ይሄዳል፣ የታጠበው ይመጣል። ስለ በርበሬ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ጎረቤት ፍየል ሲያወሩ ይውላሉ፤ ስለ ጨርቁ ግን አምስት ወር ሙሉ ትንፍሽ ያለ የለም። አማትና ምራት እንዲህ ያለውን ነገር አይነጋገሩም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ ሲወጡ አሰበች ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ባፈናን ያዘቻት። የዚያ ወር ማኅበር ተራው የባፈና ነው፤ ጠላው ተጠምቋል፣ ድፎው ተደፍቷል፣ ሰው በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። አሰበች በደስታ ፊቷ በርቶ ነበር። ቄሱ ዛሬ ማኅበሩ ላይ ስዕለቷን በጸሎት ሊያጸኑላት አስበዋል፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ ከእሷ ጋር ሊቆሙ ቆርጠዋል፤ የአንደኛዋ ባል ሳይቀር ፈቅዷል። ባፈና እግዜር ይስጥልኝ አለች። መንገዱን ሁሉ ግን ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። ያልተሳለችው ስዕለት ሊጸናባት ነው። አንዴ በቄስ አፍ ከጸና፣ አሞኝ ነው ብሎ ወደኋላ ማለት የለም፤ የቀራት ቆማ መሞት ነው። እንደምትሞት ደግሞ አልጠፋትም። በልጅነቷ አርማጭሆ ሳሉ አንዲት አክስቷ በዚሁ ቦታ ቆስላ፣ ከሰው ተለይታ፣ በጓሮ ጎጆ ውስጥ ሞታለች። ባፈና መሞት አልፈለገችም። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በርበሬው እየተሸጠ ነው፣ የልጅ ልጅ ገና አላየችም።

እቤት እንደገባች፣ ስኳር አልቋልና ገላባት ደርሼ ልምጣ አለች። የስኳሩ ጣሳ እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ የሞላችው ራሷ አየሁሽ ናት። አየሁሽ ግን ወደ ጣሳው ዘወር እንኳ ሳትል፣ እኔም ጋዝ መግዛት አለብኝ፣ አብረን እንሂድ አለች። ጋዙም ሙሉ ነበር። ሁለቱ ውሸታሞች ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ገላባት ሩቅ አይደለም፤ ኾሩን ወርዶ መውጣት ነው። ኾር ማለት በክረምት የሚሞላ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው፤ ኅዳር ላይ አሸዋ ብቻ ሆኗል። ወዲህ ጣሊያን፣ ወዲያ እንግሊዝ ባንዲራቸውን ሰቅለው ይተያያሉ፤ ሕዝቡ በመካከላቸው ቅቤና ቡና ይዞ ይሻገራል፣ አቡጀዲና ስኳር ይዞ ይመለሳል። ኬላው ላይ ያለው ዘበኛ ከሐማሴን የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ወታደር ነው፤ ፐርሜሶ የሚሉትን የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው አያሳልፍም። ለእሱ የተነገረው ስዕለት በእርግጥ ሌላ ነው፤ ለልጅ ልጅ ብላ ተስላ ነው የምትቆመው ብለውታል። ባፈናን ሲያይ ከተቀመጠበት ብድግ አለ፣ ወረቀቱንም አልጠየቀም፤ የአየሁሽን ሆድ በዓይኑ መርምሮ፣ ሚካኤል ይስማዎት እማማ አለና አሳለፋቸው። አየሁሽ አፍራ ነጠላዋን ወደ ሆዷ ሳበች። አሸዋውን ሲያቋርጡ ስለ ስኳር ዋጋ ተጨዋወቱ፤ መተማ አንድ ኪሎ በሚገዛ ገንዘብ ገላባት አንድ ኪሎ ተኩል እንደሚገኝ፣ የገላባቱ ግን እርጥበት እንደሚበዛበት ተስማሙ። ገበያው አፍ ላይ ሲደርሱ ባፈና፣ ፀሐይ ሳይበረታ አንቺ ጋዙን እኔ ስኳሩን ገዝተን እዚህ እንገናኝ አለች። አየሁሽም ቶሎ እሺ አለች። አንዷ በሰፊው መንገድ ሄደች፣ ሌላዋ በእህል በረንዳው ኋላ ታጠፈች።

ረቢዓ መተማ ተወልዳ ገላባት ያገባች አዋላጅ ናት። የሱዳን መንግሥት ኦምዱርማን ወስዶ አስተምሯት፣ የቆርቆሮ ሣጥን ሰጥቷት መልሷታል፤ ሱዳኖቹ ዳያ ይሏታል። የምትቀበልበት ክፍል ጠባብ ነው፤ በገመድ የተጠለፈ አንገረብ አልጋ፣ የሸክላ እንስራ፣ ሐምራዊ የመድኃኒት ውሃ የሞላበት ሳፋ፣ ግድግዳው ላይ ንጹሕ ፎጣ አለ። ባፈና ሦስት ጊዜ እዚህ በር ላይ ደርሳ ስለ ሰው ጤና ጠይቃ ተመልሳለች። ዛሬ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ አየሁሽን ከረቢዓ ፊት ቆማ አገኘቻት።

«ጋዝ እዚህም ይሸጣል እንዴ?» አለች ባፈና።

«ስኳር ካለ ብዬ ነው» አለች አየሁሽ፣ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች።

ረቢዓ ሳቀች፤ ስትስቅ ሰውነቷ ሁሉ ይነቃነቃል። አንዱን ቁስል ለሁለት ተሸክማችሁ እስከ መቼ ልትዞሩ ነው አለቻቸው። አየሁሽ ከእሷ ዘንድ ስትመጣ ይህ ሦስተኛዋ ነው፤ ዛሬ ወሩን ጠብቆ የሚመጣው የገዳሪፍ ሐኪም ስለሚኖር በምንም መላ አማትሽን አምጪያት ብላት ነበር። አየሁሽም ምን ብላ እንደምታመጣት ሲጨንቃት አድራ፣ ጠዋት ባፈና ራሷ ገላባት ልሂድ ስትላት ሚካኤል እንደረዳት ቆጥራዋለች። ረቢዓ መጀመሪያ ራሷ አየች። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ባፈናን አንገረቡ ላይ አስተኝታ አየችና ሳቋን አቆመች። ከዚያ እንዲህ ያለውን ሁለት ጊዜ ማየቷን ነገረቻት፤ አንደኛዋ ዘግይታ መጣች፣ ሁለተኛዋ በጊዜ መጣች። ሁለተኛዋ ዛሬም ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች።

የገዳሪፉ ሐኪም ኸሊል በር ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም፤ ቁምጣ ለብሷል። ባፈና በመጋረጃው ቀዳዳ አይታው እምቢ አለች። ልጄ ይሆናል አለች። እስላም ነው አለች። ባሌ እንኳን በብርሃን አላየኝም አለች። ረቢዓ ለእያንዳንዱ መልስ ነበራት፤ ባፈና ግን መልስ አልፈለገችም፣ ነጠላዋን አጣፍታ ለመውጣት ተነሣች። አየሁሽ በሩ ላይ ቆመች። አልከለከለቻትም፣ ግን አልተነቃነቀችም። ባፈና ምራቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ቀጥሎም ወደ አንገረቡ ተመልሳ ተጋደመችና ነጠላዋን ገልብጣ ፊቷን እስከ አገጯ ሸፈነች።

«በሉ ይግባ» አለች ከውስጥ ሆና። «ገበያ የሚያውቀው ፊቴን ነው። ሌላውን ማንም አያውቀውም።»

ሐኪሙ ባፈና ከፈራችው ይልቅ ፈጣንና ጨዋ ነበር። አየ፣ ዳሰሰ፤ ረጅም ጊዜ የወሰደበት ብሽሽቷ ነው፣ በግራም በቀኝም እየተጫነ እጢ ፈለገ። አላገኘም፤ ያኔ ትከሻው ሲላላ አየሁሽ አየች። እሱ በዓረብኛ አጠር አድርጎ ይናገራል፣ ረቢዓ በአማርኛ አርዝማ ትተረጉማለች። ሱዳኖቹ ሰረጣን፣ እኛ ነቀርሳ የምንለው ሳይሆን አይቀርም አለ። እርግጡ የሚታወቀው ተቆርጦ ሲወጣ፣ ሥጋው በጠርሙስ ካርቱም ተልኮ በማጉያ መነፅር ሲታይ ነው። ባፈና ከነጠላዋ ሥር ከምን እንደመጣባት ጠየቀች። ከወንድ አይደለም፣ ከኃጢአትም አይደለም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም አላት፤ ለብዙ ዓመት የሚያሳክክና የሚነጣ ቆዳ አንዳንዴ ወደዚህ ይለወጣል፣ ብዙውን ጊዜም ዕድሜ በገፋ ሴት ላይ ነው። ቅቤውና ጭሱ አላመጡትም፣ አያድኑትምም። የሚያድነው ቢላ ነው። ገዳሪፍ ሆስፒታል በመድኃኒት ታስተኛለች፤ እብጠቱን በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጥቂት ጨምሮ ያወጣዋል፣ ብሽሽቷንም ይመረምራል። አንድ ወር ትተኛለች፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ተመልሳ ትታያለች፣ ይህ በሽታ ተመልሶ መምጣት ይወዳልና። ብሽሽት ደርሶ ቢሆን ኖሮ ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም ነበር አላት፤ አሁን ግን ተስፋው ጥሩ ነው። መማል አልችልም፣ ዛሬ ከሚቀጥለው ወር ይሻላል ማለት ግን እችላለሁ አለ። እስከ ፋሲካ ተደላድለሽ ትቀመጫለሽ የሚለውን ረቢዓ ከራሷ ጨመረችበት። ሐኪሙ ወደ ገዳሪፍ የሚመለስበት ሎሪ ነገ ጠዋት ይነሣል።

ባፈና ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች። ከገና በኋላ ይሁን አለች። ዛሬ ማኅበር አለ፣ ልጇ እንግዳው ኮኪት መንደር ማሽላ አጨዳ ላይ ነው፣ አሰበች ለአገር ሁሉ ነግራለች፣ ቄሱም ጸሎቱን አዘጋጅተዋል፤ ሰው ይህን ሁሉ ወር ቅድስት ሲላት ቆይቶ፣ ይሄ ነው እንዴ ስዕለቷ ቢል እንዴት ቀና ብላ ትሄዳለች? የመለሰችላት አየሁሽ ናት፤ እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እማማ፣ አምስት ወር ሙሉ ጨርቅ ሳጥብ አንድ ቀን ጠይቄዎት አላውቅም። ቢሞቱ ቅድስት ይሉዎት ይሆናል። እኔ ግን ቅድስት አማት አልፈልግም፣ ያለችኝን ነው የምፈልጋት። ደግሞ ቆሜ መብላት ሰልችቶኛል።»

ባፈና መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ቁስሉን እያመማትም ሳቀች፤ አየሁሽም እያለቀሰች ሳቀች። ባፈና ምራቷን ወደ ራሷ ሳበችና አንገቷን አቀፈች፤ ካገባች አራት ዓመቷ ነው፣ እንዲህ ሲተቃቀፉ የመጀመሪያቸው ነው። እንግዳውን እኔ እነግረዋለሁ አለች አየሁሽ። ስኳርም ጋዝም ሳይገዙ ኾሩን ተሻግረው ተመለሱ።

በዘጠኝ ሰዓት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ቤቱም ደጁም ሞላ፤ በርጩማውና መደቡ ባዶውን ነው፣ ሁሉም ዋንጫውን ይዞ ቆሟል። አያ ጀምበሩ በሩ መቃን ላይ ተደግፈዋል። ሁለቱ አዲስ ተሳዮች ሴቶች ንጹሕ ለብሰው ከፊት ተሰልፈዋል። ቄስ ፈረደ ድፎውን ባርከው ቆረሱ፣ ከዚያ መስቀላቸውን አወጡና ደጅ ሰላይ እንዳይኖር ሰው ላኩ። ባፈና ከመሀል ቆማ ነበር። ላብ በጀርባዋ ሲወርድ ይሰማታል። በእርግጥ ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ነገ ጠዋት ዘመድ ልጠይቅ ሄድኩ ብላ ሎሪው ላይ መውጣት ትችል ነበር። ግን ሁለቱን ሴቶች አየች፤ አንደኛዋ ገና አራስ ናት።

«አባ፣ ይቆዩኝ» አለች። «የሌለ ስዕለት አይጸናም። እኔ የተሳልኩት ነገር የለም። ሴት በምታፍርበት ቦታ እብጠት ወጥቶብኝ ነው፤ መቀመጥ አቅቶኝ እንጂ መቆም ወድጄ አይደለም። ሦስት ዓመት አሳከከኝ፣ ቆዳው ነጣ፣ ከዚያ አበጠ፣ ቆሰለ። ነቀርሳ ነው ብለውኛል። ነገ ገዳሪፍ ሄጄ ይቆረጥልኛል። እውነቱን ስለደበቅኳችሁ ማሩኝ።»

ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ዋንጫቸው ውስጥ ተመለከቱ። ቅር ያለውም ነበር፣ አልዋሽም፤ ሦስት ወር የተጽናናበት ነገር እጁ ላይ ሲበንን ማን ደስ ይለዋል። ቀድመው የተናገሩት አያ ጀምበሩ ናቸው።

«ታዲያ እኔ» አሉ፣ «ይህን ጉልበት ይዤ የቆምኩት በከንቱ ነው?»

ይህን ብለው መደቡ ላይ ዘጭ አሉ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ሰው እየሳቀ በየበርጩማው፣ በየምንጣፉ፣ በየሳሩ ላይ ተቀመጠ፤ አራሷም ተቀመጠችና ልጇን አጠባች። ቄስ ፈረደ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ፣ ለዚህ የተዘጋጀ ጸሎት አልነበራቸውም። ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያው መንገዱን ልባርክ አሉ፤ የሐኪሙንም እጅ ጨምረው ባረኩ። አንዱ ለሎሪው መኝታ የሚሆን የጥጥ ፍራሽ አለኝ አለ። ሌላው ገዳሪፍ ያለ ዘመዱን ስም ነገራት። ባፈና ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልጅ ሆና ጓሮ ጎጆ ውስጥ ብቻዋን ያየቻትን አክስቷን አሰበችና አዘነችላት፣ ለራሷ ግን አላዘነችም።

አሰበች ብቻ አልሳቀችም። ባፈናም፣ አሰበች ተቀይማኛለች ብላ ፈርታ ነበር፤ ወሬውን ያዞረችው አሰበች ስትሆን፣ ባፈና በሰው ፊት ውሸታም አድርጋታለችና። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ባፈና ጓሮ ወጥታ የገዳሪፍ ጓዟን ስትቋጥር፣ አሰበች ጠላ ልትቀዳ የመጣች መስላ ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ማንቆርቆሪያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወረች።

«መጀመሪያ ያሳክካል ነው ያልሽው?»

«ሦስት ዓመት።»

«ቆዳውስ... ይነጣል?»

ባፈና መቋጠሩን ተወችና ቀና ብላ አየቻት። ይህች ያልተነገራትን የምታውቅ ሴት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ካሳከከሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አለቻት።

«ዓመት ከመንፈቅ። እብጠት ግን የለውም፤ በየቀኑ እዳስሳለሁ።»

ባፈና እብጠት ሳይወጣ መታየት እንዴት እንደሚሻል፣ ምናልባትም በቅባት ብቻ ሊያስታግሱት እንደሚችሉ፣ ረቢዓ እጇ ለስላሳ እንደሆነ፣ ነገ አብረው ኾሩን ተሻግረው ሎሪው ሳይነሣ ሐኪሙ ሊያያት እንደሚችል አንድ በአንድ ነገረቻት። አሰበች እያንዳንዱን ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች፤ የባሏ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል።

«ለቄሱስ ምን እላቸዋለሁ?»

«እኔ ለማኅበር ሙሉ ሰው የነገርኩትን፣ አንቺ ለአንድ ሰው መንገር አቃተሽ?»

አሰበች ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አኖረች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓሮው በር ሄደች፣ ጥቂት ቆመች፣ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራች።

«ቄሱ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ወደዚህ ብቅ ይበሉ፤ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

ቄስ ፈረደ የያዙትን ዳቦ ለአያ ጀምበሩ ሰጥተው ወጡ።